ቶማስ ክላርክሰንና የአሥራ ሁለቱ ሰዎች ማኅበር

በእንግሊዝ አገር፤ ከኬምብሪጅ ወደ ሎንዶን በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ፤ ዌድስሚል በምትባል መንደር አጠገብ አንድ የድንጋይ ሐውልት ቆሞ ይገኛል። ሐውልቱ ለድል አድራጊ የጦር አለቃ ወይም ለንጉሥ መታሰቢያ የቆመ አይደለም። በ1785 ዓ.ም. አንድ የ25 ዓመት ወጣት ከፈረሱ ወርዶ፤ ሣር ላይ ተቀምጦ ያሰበበትን ሥፍራ የሚያመለክት ነው። ወጣቱ ቶማስ ክላርክሰን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክላርክሰን ማርች 28 ቀን 1760 ዓ.ም. ዊዝቢች በምትባል ከተማ ተወለደ። ቄስና የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ የነበረው አባቱ ገና በስድስት ዓመቱ ሞተበት። ሎንዶን ከተማረ በኋላ ወደ ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለክህነት ይዘጋጅ ጀመር። ዩኒቨርሲቲው በላቲን ቋንቋ የድርሰት ውድድር ያደርግ ስለ ነበር፤ በ1785 የቀረበው ጥያቄ ሰውን ያለ ፈቃዱ ባሪያ ማድረግ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሆነ። እውነቱን ለመናገር ክላርክሰን ወደ ውድድሩ የገባው ስለ ባሮች ተቈርቍሮ ሳይሆን ሽልማቱን ፈልጎ ነው። ነገር ግን ስለ ባሪያ ንግድ የተጻፈውን ማንበብ ሲጀምር እንቅልፍ አጣ፤ ሌሊት የመጣለትን ሐሳብ ለመጻፍ ሻማውን ሳያጠፋ ያድር ነበር። አንደኛ ወጣ፤ ድርሰቱንም በሊቃውንቱ ፊት አነበበ። ወደ ሎንዶን ሲጓዝ ግን አንድ ነገር አስጨነቀው፤ ይኸውም የጻፈው ሁሉ እውነት ከሆነ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህን ክፉ ሥራ ማስቆም አለበት የሚል ሐሳብ ነው። ብዙዎቻችን ድርሰታችንን አስረክበን ማርካችንን ከተቀበልን በኋላ ጉዳዩን ከወረቀቱ ጋር እንጥለዋለን። ክላርክሰን ከእኛ የተለየው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ መርከቦች በዓመት ወደ 40,000 የሚደርሱ አፍሪካውያንን እያጋዙ በካሪብ ባሕር ደሴቶችና በአሜሪካ ይሸጡ ነበር። ሊቨርፑልና ብሪስቶል በዚሁ ንግድ በልጽገዋል፤ የስኳር እርሻ ባለቤቶችም በፓርላማ ውስጥ የሚሟገቱላቸው ብዙ ነበሩ። ከአገሩ ሕዝብ ግን የምርጫ ድምፅ ያለው በጣም ጥቂቱ ሲሆን፤ ሴቶችማ ከነጭራሹ አልነበራቸውም። ታዲያ ሥልጣንም ድምፅም የሌለው ሰው ሕግን የሚያስለውጠው በምን ኃይል ነው?

ሜይ 22 ቀን 1787 ዓ.ም. ሎንዶን ውስጥ በጄምስ ፊሊፕስ ማተሚያ ቤት አሥራ ሁለት ሰዎች ተሰብስበው የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ማኅበር አቋቋሙ። ዘጠኙ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እነዚህ ሰዎች አንምልም በማለታቸው ወደ ፓርላማ መግባት አይችሉም ነበር። ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ መረጠ፤ ቃለ ጉባኤ ያዘ፤ መዋጮ ሰበሰበ። በፓርላማ የሚናገርላቸው ዊልያም ዊልበርፎርስ ሲሆን፤ የሚናገርበትን ማስረጃ ፈልጎ የሚያመጣው ክላርክሰን ሆነ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ የፍለጋ ሥራ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ 35,000 ማይል ያህል ተጕዟል፤ አብዛኛውን በፈረስ፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት። በወደቦቹ የመርከበኞችን የስም መዝገብ እያገላበጠ ከ20,000 የሚበልጡ መርከበኞች ምን እንደ ደረሰባቸው አጣራ። የንግዱ ደጋፊዎች ይህ ሥራ ለአገሪቱ መርከበኞችን ያሠለጥናል ይሉ ነበር፤ መዝገቡ ግን መርከበኞቹን የሚጨርስ መሆኑን አሳየ። ሊቨርፑል ውስጥ ከአንድ ሱቅ የእጅ ሰንሰለት፤ የአውራ ጣት መጨፍለቂያና አልበላም ያለውን ሰው አፍ በግድ መክፈቻ ብረት ገዝቶ ለማስረጃ አስቀመጠ። በዚያው ከተማ ጥቂት ሰዎች በወደቡ ዳር ከበው ወደ ባሕር ሊጥሉት ሲሞክሩ፤ ጥሶ በማለፍ ለጥቂት ዳነ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ነጋዴዎቹ ባሮቹ በጦርነት የተማረኩ ናቸው እንጂ ታፍነው አልተወሰዱም በማለታቸው፤ አፈናውን በዓይኑ ያየ ምስክር አስፈለገ። እንዲህ ያለ መርከበኛ እንዳለ ክላርክሰን ከወዳጁ ሰማ፤ ነገር ግን ስሙም የሚሠራበት መርከብም አይታወቅም፤ የሚታወቀው በአንድ የመንግሥት የጦር መርከብ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ክላርክሰን ከወደብ ወደ ወደብ እየዞረ ከመቶ በላይ መርከቦች ላይ ወጥቶ ጠየቀ። በመጨረሻ ፕሊመዝ ላይ አይዛክ ፓርከር የተባለውን ሰው አገኘው፤ ሰውየውም በፓርላማ ፊት መሰከረ። ቢሮ ተቀምጠን አንድ ፋይል ጠፋ ብለን ጉዳይን ለምናሳድር ሁሉ ይህ ታሪክ ሳይጐረብጠን አያልፍም።

ማኅበሩ የተገኘውን ሁሉ አሳትሞ በተነ። ብሩክስ የተባለችው መርከብ ሰዎችን እንደ ዕቃ ደርድራ ስትጭን የሚያሳየው ሥዕል በሺህ ታትሞ በየመሸታ ቤቱና በየሰው ቤት ተሰቀለ። ከባርነት ወጥቶ በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው አፍሪካዊ ኦላውዳ ኢኳያኖም በ1789 የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ በየከተማው እየዞረ ተናገረ። በ1788 ከማንችስተር ብቻ ከ10,000 በላይ ሰዎች ፈረሙ፤ በ1792 ደግሞ 519 አቤቱታዎች ለፓርላማ ደረሱ። ክላርክሰን እንደ ገመተው በባሮች ጕልበት የተሠራውን ስኳር የተዉት ሰዎች 300,000 ያህል ነበሩ። ለቤት ስኳር የምትገዛው ሴት ስለሆነች፤ ድምፅ ያልነበራት ሴት በዚህ በኩል ድምፅ አገኘች።

ይሁን እንጂ ሕጉ ቶሎ አልወጣም። የፈረንሳይ አብዮት እንግሊዞችን አስፈራ፤ ማኅበርተኛ ሁሉ እንደ አድመኛ ይታይ ጀመር። በ1794 ክላርክሰን ጤናው ታወከ፤ ገንዘቡም አለቀ፤ ሥራውን ትቶ ወደ ገጠር ገባ። ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ እንደገና በየአገሩ ዞረ፤ ማርች 25 ቀን 1807 ዓ.ም. የባሪያ ንግድ በሕግ ተከለከለ።

የተከለከለው ግን ንግዱ እንጂ ባርነቱ አልነበረም። በ1833 ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ሲወጣ ለጌቶቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ተፈቀደ፤ ለባሮቹ ምንም። ሁሉን ያደረገው የሎንዶኑ ማኅበር ነው ማለትም አይገባም። በ1791 በሴንት ዶሚንግ፤ በ1831 በጃማይካ ባሮቹ ራሳቸው ተነሥተው ጌቶቹን አስጨንቀዋል። ክላርክሰን ይህን የዘነጋ አይመስለንም፤ ከሄይቲው ንጉሥ ከአንሪ ክሪስቶፍ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ ንጉሡ በ1820 ከሞተ በኋላም ንግሥቲቱንና ሁለት ሴት ልጆቿን በቤቱ ተቀብሎ አስተናግዷል።

በ1840 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ የተደረገውን የዓለም ፀረ ባርነት ጉባኤ የ80 ዓመቱ ሽማግሌ ክላርክሰን ከፈተው። በዚሁ ጉባኤ ከአሜሪካ ተመርጠው የመጡ ሴቶች እንደ መልእክተኛ አንቀበላችሁም ተብለው ከተመልካች ጋር ተቀመጡ። ስለ ነፃነት የተሰበሰበ ጉባኤ ይህን ማድረጉ ያሳፍራል። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ሉክሪሻ ሞትና ከባሏ ጋር የመጣችው ኤሊዛቤት ስታንተን እዚያው ተዋወቁ፤ በ1848 በሴኔካ ፎልስ የሴቶችን መብት ጉባኤ ከጠሩት ውስጥም ሁለቱ ይገኛሉ።

የዊልበርፎርስ ልጆች በ1838 የአባታቸውን ታሪክ ሲያሳትሙ የክላርክሰንን ሥራ አሳንሰው ጽፈው ነበር። ሽማግሌው እጅግ አዘነ፤ በመጽሐፍም መለሰላቸው፤ በ1844 ልጆቹ ይቅርታ ጠየቁት። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1846 ዓ.ም. በፕሌፎርድ ቤቱ ሞተ። ዊልበርፎርስ ከተቀበረበት ከዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለክላርክሰን የመታሰቢያ ድንጋይ የተደረገለት በ1996 ዓ.ም. ነው።