ሥራህ ምንድን ነው? ብሎ የጠየቀው ሐኪም

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴ ሐኪም ቤት የደረሰ በሽተኛ ተለማማጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሳሉ መቼ እንደጀመረው፣ አክታው ደም እንዳለውና ቤቱ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው እንዳለ መጠየቁ አይቀርም። ጥጥ ይፍተል፣ ቆዳ ያልፋ፣ ብረት ይበይድ የሚጠይቀው ካገኘ ግን ዕድለኛ ነው።

ይህን ጥያቄ ወደ ሐኪሞች ትምህርት ያስገባው በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1633 በካርፒ ተወልዶ፣ በ1659 በፓርማ በሕክምና ተመረቀ። ገጠር ውስጥ በሐኪምነት ሲሠራ ወባ ይዞት ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። በኋላም ሞዴና ገብቶ፣ በ1682 የዩኒቨርሲቲው መምህር ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው በገዛ ቤቱ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊጠርግ የመጣ ሠራተኛ ያለ ዕረፍት ሲጣደፍ አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ እዚያ ውስጥ ብዙ ሰዓት የቆየ ሰው ዓይኑን እንደሚያጣ ነገረው። ራማዚኒ ሰምቶ ዝም አላለም። በከተማዋ ከሚለምኑት ዓይነ ስውራን መካከል የቀድሞ ጉድጓድ ጠራጊዎች መኖራቸውን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ሳያይ የሠራተኞቹን መሥሪያ ቤት ሁሉ ያንኳኳ ጀመር። በ1700 በላቲን ያሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ቆዳ ፋቂዎችን፣ ወፍጮ ቤት የሚውሉትን፣ የተልባ ጭረትና ቃጫ እያበጠሩ በብናኙ የሚያስሉትን ሁሉ ይዟል። ሂፖክራተስ ሐኪም በሽተኛውን እንዲጠይቅ ባዘዛቸው ጥያቄዎች ላይ የሙያን ጥያቄ የጨመረውም በዚሁ መጽሐፍ ነው።

ሕግ ለተማረ ሰው ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚቆረቁረው የፊናሌው ክርክር ነው። ፊናሌ በምትባል ከተማ አንድ ነጋዴ የሜርኩሪ መድኃኒት የሚያዘጋጅበት ትልቅ ላቦራቶሪ ነበረው። አንድ የከተማው ነዋሪ ጭሱ ሰፈሩን እየጨረሰ ነውና ከከተማ ይውጣልኝ ብሎ ከሰሰ። ማስረጃው የሐኪም ምስክርነትና በዚያ ሰፈር የሟቾች ቁጥር መብዛቱን የሚያሳይ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነበር። ሆኖም የረታው ነጋዴው ነው። ራማዚኒ ፍርዱን መዝግቦ፣ ዳኛው ተሳስቶ እንደሆነ ባለሙያ ይመርምረው ብሎ አለፈ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። የፊናሌው ሰው ቢሸነፍም፣ ይዞት የሚቀርብ የሐኪም ቃል ነበረው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚገባባቸው በጥናት ተመዝግቧል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ካሳ ይፈቅዳል። ካርዱ ላይ ሙያው ያልተጻፈ ሠራተኛ ግን ጉዳቱን በምን ያስረዳል? የጠበቃ ብልሃት ዘንግቶ የቀረውን የሕክምና ታሪክ አይተካም።

ራማዚኒ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የዓይኑ ብርሃን እየደከመም ቢሆን ማስተማሩን አልተወም፤ በ1713 መጽሐፉን አዳዲስ ሙያዎች ጨምሮበት ደግሞ አሳተመው። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር በ81 ዓመቱ ሲሞት ገና የፓዱዋ መምህር ነበር።