ሉተር በርባንክ፦ ድንቹን በ150 ዶላር የሸጠው አትክልተኛ

ሙያዬ ምህንድስና ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ግን ጓሮዬ ውስጥ ግላዲዮለስ አዳቅላለሁ። የአንዱን አበባ ብናኝ በትንሽ ብሩሽ አንስቼ በሌላው ላይ አደርጋለሁ። ዘሩ በቅሎ እስኪያብብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። አንድ ክረምት ምልክት የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች ዝናብ አጠባቸውና የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ ጠፋኝ። የሦስት ዓመት ልፋት! ያን ቀን ትዝ ያለኝ ሉተር በርባንክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በርባንክ በ1849 ማሳቹሴትስ ውስጥ ላንካስተር ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዳርዊንን መጽሐፍ ግን አንብቦ ልቡ ተነካ። በ1872 ከድንች ተክሉ ላይ አንዲት የዘር ፍሬ አገኘ። በውስጧ የነበሩትን 23 ዘሮች ዘራቸውና አንዱ ከሁሉም በልጦ ተገኘ። መብቱን በ150 ዶላር ሸጦ በ1875 ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። ከገዛ ድንቹ ይዞ የሄደው 10 ፍሬ ብቻ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለጥብስ በብዛት የሚቀርበው ራሰት በርባንክ የዚያው ድንች ዘር ነው።

ሳንታ ሮዛ በምትባል ከተማ ተቀምጦ 50 ዓመት ሠራ፤ ከ800 በላይ አዳዲስ ዝርያዎችም አወጣ። ሻስታ የተባለችውን ነጭ የዴዚ አበባ ለማግኘት አራት ዓይነት ዴዚ ሲያዳቅል 17 ዓመት ፈጅቶበታል። ግላዲዮለስንም አልተወም፤ አበባው በአንድ ወገን ከሚደረደር ዘንጉን ዙሪያውን እንዲከብ ለማድረግ ደክሟል። ዘዴው በሺህ የሚቆጠር ችግኝ አብቅሎ ምርጡን አስቀርቶ ሌላውን ማቃጠል ነበር።

ጉድለቱ መዝገብ አያያዝ ላይ ነው። በ1905 የካርኔጊ ተቋም በዓመት 10,000 ዶላር መድቦ ሥራውን የሚመዘግብ ሳይንቲስት ላከለት። ሳይንቲስቱ ግን የጠበቀውን ዓይነት መዝገብ አላገኘም፤ አብዛኛው ነገር በበርባንክ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገንዘቡ ተቋረጠ። በርባንክም በ1926 ሲያርፍ ብዙ እውቀት አብሮት ተቀበረ። አዲስ ተክል ላወጣ ሰው የባለቤትነት መብት የሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ የወጣው ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ ነው።

አገራችንም የራሷ ግላዲዮለስ አላት። ነጭ ሆኖ መሐሉ ወይን ጠጅ የሆነው፣ ፈረንጆቹ የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ የሚሉት፣ ከእኛው ምድር የሚበቅል ነው። እኔም ጓሮዬ ውስጥ ተክዬዋለሁ። ከዚያች ዝናብ በኋላ ግን አንድ ደብተር ገዝቻለሁ፤ ሳልጽፍ አላዳቅልም። እናንተም የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ጻፉላቸው።