ከሕሙማን ጋር የኖረው ሐኪም፦ ኦይገን ብሎይለር

እኛ ዕጩ መምህራን ለዛሬ የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል፤ የሥነ ልቡና ትምህርታችንን የሚነካ ነውና።

ኦይገን ብሎይለር በ1857 (እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ አጠገብ ባለችው በዞሊኮን ተወለደ። በ1886 የራይናው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ ሆነ። እዚያም 12 ዓመት ያህል ከሕሙማኑ ጋር ኖረ፤ አብሯቸው ሠራ፣ በአገሬው አነጋገር እያወራ አዳመጣቸው።

በዚያ ዘመን የጀርመኑ ሐኪም ክረፔሊን ሁለት ከባድ የአእምሮ በሽታዎችን ለይቶ ነበር። አንደኛው ሰውን አንዴ ከልክ በላይ የሚያስፈነጥዝ፣ አንዴ ደግሞ በሐዘን የሚደቁስ ነው፤ ዛሬ ባይፖላር ይባላል። ሁለተኛው በወጣትነት ጀምሮ አእምሮን እያደከመ የሚሄድ ነው ብሎ ነበር። ብሎይለር ግን ሕሙማኑን በቅርብ ስለሚያውቅ የሚሻላቸውም እንዳሉ አየ። ስለዚህ በ1908 በበርሊን ለሁለተኛው በሽታ ስኪዞፍሬንያ የሚል አዲስ ስም አወጣለት። የሐሳብና የስሜት መያያዣ ይላላል ማለቱ ነው እንጂ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል ማለቱ አልነበረም።

ታዲያ ጥፋትም አለበት። በሽታው በዘር ይወርዳል በሚል ሕሙማንን ማምከንን ደገፈ። የኋላ ጥናቶች ግን አንድ ወላጃቸው ስኪዞፍሬንያ ካለበት 10 ልጆች 9ኙ ገደማ በዚህ በሽታ እንደማይያዙ አሳይተዋል። ብሎይለር በ1939 ሞተ።

ነገ ክፍል ስንገባ የእብድ ልጅ እየተባለ የሚሾፍበት ተማሪ ያጋጥመን ይሆናል። ያኔ ከብሎይለር ማዳመጡን እንውሰድ፤ አስቀድሞ መፍረዱን እንተው።