ከዓለት ማግኔት የአህጉራትን ጉዞ የተከታተሉት ሊቅ፤ ፓትሪክ ብላኬት

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፓትሪክ ብላኬት እ.ኤ.አ. በ1897 በለንደን ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል መኮንንነት ካገለገሉ በኋላ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በኧርነስት ራዘርፎርድ ሥር ተመራማሪ ሆኑ። በኑክሌር ፊዚክስና በኮስሚክ ጨረር ላይ ባገኙት ውጤትም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ብላኬት በ1947 ማንኛውም ግዙፍ አካል በመሽከርከሩ ብቻ ማግኔታዊ ኃይል ይኖረዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህንኑ ለመፈተን ከ15 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን የወርቅ ሲሊንደርና እጅግ ደካማ ማግኔትን የሚለካ መሣሪያ አዘጋጁ። ሙከራው ሐሳባቸውን ውድቅ አደረገው፤ እርሳቸውም ውጤቱን ሳይሸሽጉ በ1952 አሳተሙት።

መሣሪያው ግን ለዓለት ምርመራ ዋለ። ዓለት ሲፈጠር በውስጡ ያሉ የብረት ማዕድናት የዘመኑን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ከዚህም ዓለቱ የተፈጠረበት ኬክሮስና በኋላ የዞረበት መጠን ይታወቃል። የብላኬት ባልደረቦች በ1954 የእንግሊዝ የአሸዋ ድንጋዮች 34 ዲግሪ ያህል መዞራቸውን አስታወቁ። ቀጥሎም የሕንድ የደካን ባዛልት ሲለካ፣ የሕንድ ምድር ቀድሞ ከምድር ወገብ በስተደቡብ እንደነበረ ታወቀ። ይህም ሕንድ ወደ ሰሜን ተጉዛ ከእስያ ጋር በመጋጨቷ የሂማላያ ተራሮች ታጥፈው ለመነሣታቸው አንዱ ማስረጃ ሆነ።

ከ1965 እስከ 1970 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ብላኬት በ1974 አረፉ። የተራራ ሰንሰለቶች እንዴት እንደታጠፉና ምን ያህል እንደዞሩ ዛሬም በዚሁ ስልት ይጠናል። የሊቁ ሐሳብ ቢወድቅም፣ ሐሳቡን ለመፈተን የሠሩት መሣሪያ ለሌላ ታላቅ ዕውቀት በር ከፍቷል።