የሐለቧ አስጡርላብ ሠሪ

ሳይንስ የሚወዱ ሙስሊም ሴት ልጆችን የሚያሳዩ የሥዕል መጻሕፍት በውጭ አገር እየበዙ ነው። በነዚህ ዓይነት መጻሕፍት መርየም አል-አስጡርላቢ ተብላ የምትቀርበውን እህት በዚህ ዕትም እናነሳለን።

የኖረችው በዛሬዋ ሶሪያ፣ በሐለብ ከተማ ነው። ዘመኑ ሰይፉ ደውላ ሐለብን የገዛበት፣ ከ333 እስከ 356 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 944–967) ነበር። አል-ፋራቢና ገጣሚው አል-ሙተነቢ የተስተናገዱበት ቤተ መንግሥት ነው። እርሷም እዚያ በሙያዋ አገለገለች። አባቷ አስጡርላብ ሠሪ ነበር፤ አባትና ልጅ ሙያውን የቀሰሙት ከአንድ መምህር ነው።

አስጡርላብ በእጅ የሚያዝ ክብ የነሐስ መሣሪያ ነው። የፀሐይ ወይም የኮከብ ከፍታ ይለካበትና ሰዓቱና የሶላት ወቅቱ ይወጣበታል። ሰማዩ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ ለየኬክሮሱ የራሱ ሳህን ይቀረጻል። ለሐለብ 36 ዲግሪ፣ ለመካ 21 ከግማሽ ገደማ፣ የአንዳንዶቻችን አገር ለሆነችው ጥሊሊ ደግሞ ወደ 11 ዲግሪ። የሐለብን ሳህን ይዞ ጥሊሊ ላይ ዐስርን የሚፈልግ ሰው ወቅቱን ይስታል። ክቡን ሰማይ በጠፍጣፋ ነሐስ ላይ ማውረድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ የወሰድን ሁሉ እናውቃለን፤ ያውም ያለ ካልኩሌተር።

ስለ እርሷ የቀረን ጥንታዊ ምስክር ኢብኑ ነዲም በ377 ሂጅራ በባግዳድ ባዘጋጀው አል-ፊህሪስት ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት። የዒጅሊ ልጅ አል-ዒጅሊያ መሆኗን፣ መምህሯንና ሰይፉ ደውላ ዘንድ መሥራቷን ትነግረናለች፤ በቃ። መርየም የሚል ስም የለባትም። የትውልድ ዓመትም የለም። አስጡርላብን ፈለሰፈች የሚሉትማ ጭራሽ ተሳስተዋል፤ መሣሪያው ከግሪኮች የመጣ ነው፣ ከሙስሊሞች መጀመሪያ የሠራው አል-ፈዛሪ እንደሆነም ኢብኑ ነዲም ራሱ ጽፏል።

ያለ ኢስናድ ወሬ አትቀበሉ ተብለን ያደግን ልጆች ይህን አይተን እንዳላየን ማለፍ የለብንም። መድረሳ የምትቀራ የስምንት ዓመት ልጅ መጽሐፉን ወዳ ካደገች በኋላ ግማሹ ፈጠራ ነው ብትባል፣ እውነተኛውንም አብራ ትጥለዋለች። የሚያሳስበን ይህ ነው።

ደግሞስ ያቺ መስመር ምን ጎደላት? ኢብኑ ነዲም ከወንዶቹ ባለሙያዎች ተርታ አስገብቷታል፤ ሴት መሆኗን እንደ ጉድ አልቆጠረውም። እ.ኤ.አ. በ1990 የተገኘው ቁጥር 7060 አስትሮይድም የተሰየመው አል-ዒጅሊያ ተብሎ ነው፤ መርየም አልተባለም።

ለጥሊሊ መድረሳ ልጆች በአማርኛና በአዊኛ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ብናዘጋጅ የመጀመሪያው ገጽ ይታየናል፦ አባት፣ ልጅ፣ በመካከላቸው 11 ዲግሪ የተቀረጸበት የነሐስ ሳህን። ሥዕል የምትችሉ እህቶች ከጁሙዓ በኋላ አነጋግሩን።