ስለ ዜማው ሊቅ ስለ ባኽ

ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በጀርመን አገር አይዘናኽ በምትባል ከተማ በ1685 ዓመተ ምሕረት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። አባቱም አያቱም አጎቶቹም ሙዚቀኞች ነበሩ። ባኽ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ ዓመት ሳይሞላም አባቱ ተከተላት። ከዚያ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ወደ ቤቱ ወስዶ አሳደገው፤ ኦርጋን መምታትንም አስተማረው።

ኦርጋን በትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የሚቆም፥ ከቆርቆሮና ከእንጨት በተሠሩ ብዙ ቧንቧዎች የሚያሰማ መሣሪያ ነው። አንጥረኛ እሳቱን በወናፍ እንደሚያናፋ፥ በዚያ ዘመን ከኦርጋኑ በስተ ኋላ ሰው ቆሞ ትልቅ ወናፍ ይረግጥ ነበር። ነፋሱ ወደ ቧንቧዎቹ ይገባል፤ መቺውም በእጁና በእግሩ መጫኛዎቹን ሲጫን እያንዳንዱ ቧንቧ የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ባኽ በዚህ ሥራ ገና በወጣትነቱ ስሙ ተጠራ።

በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በአርንሽታት ከተማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆነ። እዚያ ሳለ በሉቤክ የሚኖረውን ሽማግሌ የኦርጋን መምህር ለመስማት የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ፤ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህልም በእግሩ ሄደ። ነገር ግን በአራት ሳምንት ፈንታ አራት ወር ያህል ቈይቶ ተመለሰ፤ አለቆቹም ገሠጹት። ባኽ ትጉህ ሠራተኛ ነበረ፤ ለአለቃ የሚመች አሽከር ግን አልነበረም።

በ1707 ወደ ሙልሃውዘን ከተማ ሄደ። በዚያ ደመወዙ በዓመት 85 ፍሎሪን ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት የቫይማር መስፍን ቪልሄልም ኤርንስት 150 ፍሎሪን ሊሰጠው ስለ ወደደ፥ ባኽ ለከተማው ሹማምንት ምክንያቱን ዘርዝሮ በትሕትና ጻፈላቸው። እነርሱም እያዘኑ አሰናበቱት፤ የጀመረላቸውን የኦርጋን ማደስ ሥራ ግን ሄዶም ቢሆን እንዲጠብቅላቸው ለመኑት። ከዚያ ቤት በፍቅር ወጣ።

የቫይማሩ መስፍን ሃይማኖተኛና ጥብቅ ጌታ ነበረ። በቤተ መንግሥቱ መብራት ሁሉ በክረምት በምሽቱ በሁለት ሰዓት፥ በበጋ በሦስት ሰዓት ይጠፋ ነበር። የባኽን ሥራ ግን ይወድ ነበር። ደመወዙን በ1711 ወደ 200፥ በ1713 ወደ 215 ፍሎሪን ከፍ አደረገለት። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የመስፍን ሙዚቀኛ እንደ ቤት አሽከር ይቈጠር ነበርና፥ ጌታው ስንብት ካልሰጠው ወደ ሌላ መሄድ አይችልም።

በ1713 መጨረሻ ባኽ ወደ ሃሌ ከተማ ሄደ። በዚያ ያለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺው ሞቶበት ስፍራው ባዶ ነበር። ደግሞም 65 ዐይነት ድምፅ የሚሰጥ አዲስ ኦርጋን እየተሠራለት ነበር። በቫይማር ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ያለው ኦርጋን ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የሃሌ ሰዎች ባኽን አስቀምጠው አዲስ ዜማ እንዲያዘጋጅላቸው ለመኑት፤ እርሱም አዘጋጅቶ አሰማቸው። ወዲያውም መረጡትና የሥራውን ውል ጽፈው ላኩለት።

ባኽ ግን ውሉን ወዲያው አልፈረመም። በጥር መካከል ለሃሌ በጻፈው ደብዳቤ፥ ከጌታው ገና ፈጽሞ እንዳልተሰናበተ፥ በደመወዙና በሥራውም ነገር ጥቂት እንዲሻሻልለት እንደሚፈልግ አስታወቀ። ሃሌ የቈረጠችለት ደመወዝ 171 ታለር ያህል ነበረ። ታለር የጀርመን የብር ገንዘብ ነው፤ በአገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው የማርያ ትሬዛ ብርም ከዚሁ ወገን ነው። ፍሎሪን ከታለር ጥቂት ቢያንስም፥ በቫይማር የሚቀበለው 215 ፍሎሪን ከዚህ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ ባኽ በአንድ ወገን ታላቁን ኦርጋን፥ በሌላው ወገን የተሻለውን ደመወዝ ያይ ነበር። በቤቱ ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት፤ ሚስቱም ለመውለድ ቀርባ ነበር።

በዚያው ወራት የቫይማር ደመወዙ ወደ 250 ፍሎሪን ከፍ አለ። በማርች 2 ቀን 1714 ደግሞ ባኽ ራሱ በትሕትና ለምኖ ኮንሰርትማይስተር የሚባል ማዕርግ ተሰጠው። ከዚህም ጋራ በየወሩ ለቤተ ክርስቲያን አንድ አዲስ ካንታታ እንዲጽፍ ታዘዘ። ካንታታ በብዙ ድምፅና በመሣሪያዎች የሚዜም የጸሎት ዜማ ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ባኽም ለሃሌ አልመጣም ብሎ መለሰ።

የሃሌ ሽማግሎች ተቈጡ። ባኽ ሁለት ባላ ተክሎ ኖሮአል፤ እኛን የፈለገን ጌታው ደመወዙን እንዲጨምርለት ማስፈራሪያ ሊያደርገን ነው ብለው ከሰሱት። ይህ ክስ እጅግ ስላሳዘነው በማርች 19 ቀን ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሃሌ እርሱን እንደ ፈለገች እንጂ እርሱ ሃሌን እንዳልፈለገ፥ ጌታውም ያለ ሃሌ ምክንያት ለሥራው በቂ ቸርነት እንደሚያደርግለት አስረዳ። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጭማሪው የመጣው ግን ከጥሪው በኋላ ነውና የሽማግሎቹ ጥርጣሬ አያስደንቅም። ሆኖም ባኽ ዝም ብሎ አልተዋቸውም፤ ነገሩን በጽሑፍ ፊት ለፊት ተናገረ። ስለዚህ በ1716 ኦርጋኑ ባለቀ ጊዜ ይመረምሩት ዘንድ ከጠሯቸው ሦስት ሊቃውንት አንዱ ባኽ ሆነ። ምርመራው ካለቀ በኋላም የበሬና የበግ ሥጋ፥ ዓሣና ብዙ ሌላ ምግብ የቀረበበት ታላቅ ግብር አበሉአቸው። ባኽ ሊመታው ይችል የነበረውን ኦርጋን በእንግድነት መታው፤ ስፍራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበርና።

ባኽ ቫይማር በመቈየቱ ያገኘው ነገር ከንቱ አልነበረም። በየወሩ ያዘጋጃቸው የነበሩት ካንታታዎች ዛሬም በብዙ አገር ይዜማሉ። ነገር ግን አዲሱ ማዕርጉ ሦስተኛ ነበረ። ከእርሱ በላይ የሙዚቃው አለቃ ሽማግሌው ድሬዘ፥ ከእርሱም ቀጥሎ ምክትል የሆነው የድሬዘ ልጅ ነበሩ። ሽማግሌው ሕመምተኛ ስለ ነበር ከሥራው ብዙው በባኽ ላይ ወደቀ። መስፍኑ በ1714 ገንዘብና ማዕርግ ሲሰጠው፥ የአለቃው ወንበር ባዶ በሆነ ጊዜ ለማን እንደሚሰጥ የተነገረ ነገር አልነበረም።

በዲሴምበር 1 ቀን 1716 ሽማግሌው ድሬዘ ሞተ። ወንበሩም ለልጁ ተሰጠ። ከዚያ ወር በኋላ ባኽ ለመስፍኑ ጸሎት ቤት አዲስ ካንታታ ስለ መጻፉ ምልክት አልተገኘም።

በዚህ ጊዜ የአንሃልት ኮተን መስፍን ሌዎፖልድ የሙዚቃ አለቃ ይፈልግ ነበር። ሌዎፖልድ ወጣትና ራሱም ሙዚቃ የሚያውቅ ጌታ ነበረ። በ1717 ነሐሴ ወር ባኽን በዓመት 400 ታለር ሊያሳድረው ተስማማ። ነገር ግን የሌዎፖልድ እኅት የቫይማሩ መስፍን ወንድም ልጅ ሚስት ነበረች፤ አጎትና የወንድም ልጅ ደግሞ ይጣሉ ስለ ነበር፥ የአጎቱ ሙዚቀኞች ለወንድሙ ልጅ እንዳይጫወቱ ተከልክለው ነበር። ይህም የመስፍኑን ቍጣ ሳያብሰው አልቀረም። ባኽ ስንብት ሲጠይቅ መስፍኑ እንቢ አለ።

ባኽ ግን ከሙልሃውዘን እንደ ወጣ በለዘበ ቃል አልጠየቀም፤ ልሂድ ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። በኖቬምበር 6 ቀን 1717 መስፍኑ አስያዘውና አሳሰረው። ዐሥር ዓመት ያህል ያገለገለውን ሰው ስንብት በመጠየቁ ብቻ ማሰር ፍርድ አይባልም፤ በዚያ ዘመን ግን ጌታ በአሽከሩ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን ነበረው። በ1714 ጭማሪውን በፈቀደ ጊዜ ባኽ ይህን ሁሉ ሊያስብ አይችልም ነበር። ሦስት ሳምንትና ጥቂት ቀን በእስር ከቈየ በኋላ በዲሴምበር 2 ቀን ጌታው እንደ ተቈጣ አሰናበተው።

ባኽ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኮተን ሄደ። በዚያም እስከ ዛሬ የሚመሰገኑ ብዙ የመሣሪያ ዜማዎችን ጻፈ። በ1723 ላይፕሲኽ ወደምትባለው ከተማ ለመሄድ ሲፈልግ መስፍን ሌዎፖልድ ባገልግሎቱ ደስ ብሎት እንደ ነበረ የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጥቶ በሰላም አሰናበተው፤ የማዕርግ ስሙንም አላነሣበትም። ባኽ እስከ ሞተበት እስከ 1750 በላይፕሲኽ ኖረ። በየጊዜው ግን ወደ ቀድሞ ጌታው እየተመለሰ ያዜምለት ነበር። ሌዎፖልድ በ1728 ሲሞት፥ በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዐት ባኽ ከሚስቱና ከልጁ ጋራ ከላይፕሲኽ ተነሥቶ ወደ ኮተን ሄደና የለቅሶውን ዜማ አሰማ።