ሩዶልፍ አከርማን፤ ስዕል ሻጩና የመሪው ማዕዘን

የሞተር ተሽከርካሪ ምሕንድስና የተማረ ማንኛውም ባልደረባ የአከርማንን ስም ሳይሰማ አልተመረቀም። ተሽከርካሪ በሚታጠፍበት ጊዜ የውስጠኛው የፊት ጎማ ከውጭኛው ይበልጥ እንዲዞር የሚያደርገው ሥርዓት በእርሱ ስም ይጠራልና። ይሁን እንጂ ሰውየው መሐንዲስ እንዳልነበረ፣ ሀብትና ዝና ያተረፈውም ስዕልና መጽሐፍ በመሸጥ እንደሆነ፣ ሥርዓቱንም ራሱ እንዳልፈለሰፈው የሚያውቁት ጥቂቶች ይመስሉኛል። ስለዚህ ሕይወቱን በአጭሩ መተረክ፣ ስሙን የተሸከመው ማዕዘንም በየጋራዡ እንዴት እንደሚጠፋ መጠቆም ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አከርማን በ1764 በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ግዛት፣ ሽቶልበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪ ነበር። በዚያ ዘመን የኮርቻ ሥራና የሠረገላ ሥራ ጎረቤታሞች ስለነበሩ፣ ወጣቱ ጥቂት ትምህርት ከቀሰመ በኋላ በአባቱ ሥራ ቤት ቆዳ መስፋትን ተማረ፤ ቀጥሎም ሠረገላ ወደ መንደፍ አዘነበለ። ይህን ሙያ ለማዳበር ከአገር ወጥቶ በባዝልና በፓሪስ ሠራ፤ በ1780ዎቹም ወደ ሎንዶን ተሻገረ። ሎንዶን የገባው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ያልሆነ የእጅ ባለሙያ ሆኖ ነው። ሆኖም እጁ ስለ እርሱ መሰከረለትና፣ ለከተማይቱ ሠረገላ ሠሪዎች ንድፍ እያወጣ መኖር ቻለ። በ1790 ገደማ ለአየርላንድ እንደራሴ የተሠራውን የክብር ሠረገላ የነደፈው እርሱ ነው። አድሚራል ኔልሰን በትራፋልጋር ጦርነት ወድቆ በጥር 1806 ሲቀበር አስከሬኑን የተሸከመው ሠረገላም የእርሱ እጅ አለበት።

በ1795 አከርማን በሎንዶን ስትራንድ በሚባለው ጎዳና የስዕል መሸጫና የስዕል ትምህርት ቤት ከፈተ። ይህ ሱቅ ቆይቶ ከዋና ከተማይቱ ዝነኛ ቦታዎች አንዱ ሆነ። በፈረንሣይ አብዮት ምክንያት ተሰደው የመጡ መኳንንትና ካህናት በሱቁ የጌጥ ዕቃ እየሠሩ እንዲተዳደሩ አደረገ። በ1801 ጨርቅና ወረቀት ውኃ እንዳያስገቡ ለማድረግ ፓተንት አወጣ። ከ1808 እስከ 1810 ድረስ የሎንዶንን ሕይወት በቀለም ስዕል የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1809 የጀመረው ወርኃዊ መጽሔትም ወደ ሃያ ዓመት ያህል ዘለቀ። የጋዝ መብራትን ገና ሌላው ሲፈራው ሱቁ ውስጥ አስገባ። በድንጋይ ላይ የማተም ጥበብም ወደ እንግሊዝ አገር እንዲገባ ከደከሙት አንዱ ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ጠባይ ይታያል። አከርማን ሌሎች የፈጠሩትን አዲስ ነገር ፈጥኖ የሚያውቅ፣ ገንዘቡንና ስሙን አስይዞ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ነበር።

ወደ መሪው ጉዳይ የመለሰው ይኸው ጠባዩ ነው። በዚያ ጊዜ ባለ አራት መንኰራኩር ሠረገላ የሚታጠፈው፣ የፊቱ አክስል ሁለቱን መንኰራኩሮች እንደያዘ መካከሉ ላይ ባለ አንድ ብሎን ዙሪያ ሲሽከረከር ነበር። ዛሬም የፈረስ ጋሪና አንዳንድ ተጎታች እንዲሁ ይዞራል። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ችግር አለው። የፊቱ መንኰራኩር በሠረገላው አካል ሥር ማለፍ ስላለበት ትንሽ መሆን ይገባዋል፤ ትንሽ መንኰራኩር ደግሞ በጎድጓዳ መንገድ ላይ ይንገጫገጫል። አክስሉ በጣም ሲዞር የሠረገላው መቆሚያ ከአራት ማዕዘንነት ወደ ሦስት ማዕዘንነት ይቀርባል፤ መገልበጥም ይከተላል። ከዚህም ሌላ አንዱ መንኰራኩር ድንጋይ ሲመታ ምቱ በግማሽ አክስል ያህል ርዝመት ተባዝቶ መላውን አክስል ይጠመዝዘዋል።

ጌኦርግ ላንከንሽፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ በ1816 መፍትሔውን አገኘ። አክስሉን እንዳይንቀሳቀስ አሰረው፤ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ አጫጭር አክስሎችን በቋሚ ብሎን፣ መካኒኮቻችን ፔርኖ በሚሉት፣ አንጠለጠለ፤ ከሁለቱም ክንድ አውጥቶ ክንዶቹን በአገናኝ ዘንግ አጋጠማቸው። ስለሆነም እያንዳንዱ መንኰራኩር በራሱ ቦታ ላይ ይዞራል፤ የሠረገላው መቆሚያም አይጠብብም። ላንከንሽፐርገር በሎንዶን የሚወክለው ሰው ሲፈልግ የአገሩን ልጅ አከርማንን አገኘ። አከርማንም በ1818 የእንግሊዝን ፓተንት በራሱ ስም አወጣ። ይህን ያደረገው የወዳጁን ድካም ለመስረቅ አይደለም፤ የፈልሳፊውን ስም ሲያሳውቅ ነበር። ነገር ግን በፓተንቱ መዝገብ ላይ የተጻፈው የአከርማን ስም በመሆኑ፣ ትውልድ የያዘው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ማዕዘኑ እንምጣ። ጎማዎቹ ሁሉ ሳይንሸራተቱ እንዲንከባለሉ ከተፈለገ፣ የሁለቱ የፊት ጎማዎች አክስል መስመር ቢረዝም በኋላው አክስል መስመር ላይ በአንድ ነጥብ መገናኘት አለበት። ለምሳሌ ከፊት እስከ ኋላ አክስል 4.2 ሜትር፣ በፔርኖዎቹም መካከል 1.8 ሜትር ያለው የጭነት መኪና የኋላ አክስሉ መካከል 8 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ እንዲሄድ ብንፈልግ፣ የውስጠኛው ጎማ 30.6 ዲግሪ፣ የውጭኛው 25.3 ዲግሪ መዞር ይኖርበታል። ከአምስት ዲግሪ የሚበልጠውን ይህን ልዩነት የሚሰጡት ሁለቱ የመሪ ክንዶች ናቸው። ክንዶቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላሉ፤ በግምታዊው ሕግ መሠረትም መስመራቸው ቢቀጥል ወደ ኋላው አክስል መካከል ያመራል። አራት ዘንጎች የሚያደርጉት ይህ ቅርጽ ትክክለኛውን ማዕዘን በሁሉም ዙረት ሊሰጥ ስለማይችል አምራቹ አማካዩን ይመርጣል። የመረጠውም በክንዱ ቅርጽ ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል እንጂ በብሎን አይስተካከልም።

ስሕተታችን ያለው እዚህ ላይ ነው። የመሪ ዕቃ ሲለወጥ ጋራዡ የሚያስተካክለው አገናኝ ዘንጉን እያዞረ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ ከፊትና ከኋላ ያላቸውን ርቀት ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአምራቹ ሰነድ ላይ እንደተጻፈው ከተስተካከለ አላይመንቱ ተሠራ ይባላል። ይሁንና የጎበጠ ወይም የተሳሳተ ክንድ ቢኖር እንኳ ዘንጉን በማሳጠር ወይም በማርዘም ቀጥታው ላይ ትክክል የሆነ ልኬት ማግኘት ይቻላል። ጉድለቱ የሚወጣው በኩርባ ላይ ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ኃላፊነቱ የኔ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ከጥገና ወጥቶ በቀጥታ መንገድ መሪው እንደ ምኞት ሆኖ ሳለ፣ አዲስ የፊት ጎማዎቹ ጠርዝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደ መጋዝ ተሰነጣጠረ። ርቀቱን ሦስት ጊዜ አስለካሁ፤ ሦስቱም ጊዜ ልክ ነበር። በመጨረሻ ጎማዎቹን በሚዞር ሰሌዳ ላይ አቁመን የውስጠኛውን 20 ዲግሪ አዙረን የውጭኛውን አነበብን፤ ቀጥሎም በተቃራኒው አቅጣጫ ደገምነው። የቀኙና የግራው ንባብ አልገጠመም። የተለወጠው የግራ ክንድ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ቢሆንም የተሠራው በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት ለሚለይ መኪና ነበር። በዓይን ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ጎማ መጣሉ አንድ ነገር ነው፤ የተሰነጣጠረ የፊት ጎማ ይዞ ጭነት ቁልቁል የሚያወርድ ሹፌር ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ከመለካት በፊት የጎማው ንፋስ፣ ኩሽኔታው፣ ፔርኖውና የዘንጎቹ መጋጠሚያ ልቀት መመርመር አለባቸው። የመሪው ሳጥን መካከሉ ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ ቀጥታው ይለካ፤ በመጨረሻም የዙረቱ ልዩነት በሁለቱም አቅጣጫ ይነበብ። ንባቡ ካልገጠመ ክንዱ በአዲስ ይተካ። የጎበጠ የመሪ ክንድ በእሳት አሙቆ ማቅናት የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያበላሽ ፈጽሞ የሚፈቀድ አይደለም።

አከርማን ለዚህ ሥርዓት ብዙ ደከመ። በ1819 ጥቅሙን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ፤ በመጽሔቱም ተከራከረለት። የሎንዶን ሠረገላ ሠሪዎች ግን አልተቀበሉትም። ከፊሉ ምክንያታቸው የሙያ ቅናትና ልማድ እንደነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ከፊሉ ግን እውነትም ነበረው። የተጨመሩት መጋጠሚያዎች ይላላሉ፤ መንኰራኩሩም እንደ ቀድሞው ብዙ ስለማይዞር ጠባብ ቦታ ላይ መታጠፍ ይከብዳል። የሚገርመው፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ከዚያ ስልሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ለኢራስመስ ዳርዊን መጥቶለት ነበር። የታዋቂው የቻርልስ ዳርዊን አያት የሆነው ይህ ሐኪም ሕሙማንን ለመጎብኘት በሠረገላ ብዙ የሚጓዝ ሰው ነበርና ችግሩን በሰውነቱ ያውቀዋል። ፓተንት ግን አላወጣበትም።

አከርማን በ1830 ሽባነት አገኘውና ሥራውን ለልጆቹ ተወ። የእንግሊዝ ፓተንት በዚያን ጊዜ የሚጸናው 14 ዓመት ስለነበረ፣ የመሪው መብት በ1832 ማንም ሳይፈልገው አበቃ። እርሱም በመጋቢት ወር 1834 በሎንዶን አጠገብ በምትገኘው ፊንችሌ ዐረፈ፤ በሱቁ ጎዳና ባለው የቅዱስ ክሌመንት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ፈረስ የማይጎትተው ተሽከርካሪ ሲመጣ የቀድሞው አክስል ከንቱ መሆኑ ታወቀ። ፈረንሣዊው አሜዴ ቦሌ በ1873 በእንፋሎት ተሽከርካሪው ላይ እያንዳንዱን የፊት ጎማ ለብቻው አዞረ፤ የአገሩ ሰው ዣንቶ በ1878 የክንዶቹን ዝንባሌ ሕግ በስዕል አስቀመጠ። ካርል ቤንዝም የመጀመሪያውን መኪናውን በሦስት ጎማ ከሠራ በኋላ በ1893 ባለ አራት ጎማውን በዚሁ ሥርዓት አወጣ። ላንከንሽፐርገር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየም፤ የሞተው በ1847 ነው።